ጎባ ላይ አፍሪካ የተባለችው ልጅ

ባሌን ሳላያት ብዙ ዓመት አስተምሬያታለሁ። ደሴ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህርት ሳለሁ ካርታውን ሰሌዳው ላይ እሰቅልና በእንጨት ዘንግ የሳነቲን አምባ፣ የዋቤን ወንዝ፣ የስንዴውን ሜዳ እያሳየሁ እናገር ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ግን ከአዲስ አበባ ወዲያ አልፌ አላውቅም። ያሳለፈችኝ ልጄ ሐያት ናት። ሲናና በሚገኝ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀጥራ ሄደች፤ እዚያው የሮቤውን ጀማልን አግኝታ አገባች። ኒካው ደሴ ሲታሰር የጀማል አባት ሐጂ አማን ታመው ስለነበር ሽማግሌ ላኩ እንጂ ራሳቸው አልመጡም። ስለዚህ የልጄን አማቶች የማውቃቸው በስልክ ሰላምታ ብቻ ነበር።

ሚሌኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር ወር፣ ጀማል ደወለልኝ። ሐያት ከወሯ ቀድማ ሴት ልጅ ወልዳለች። እሷ ደህና ናት፤ ሕፃኗ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነችና ትንፋሿም ስለሚቆራረጥ ጎባ ሆስፒታል ሙቀት ክፍል ውስጥ ተኝታለች። ሳምንቷ ቢያልፍም ስም አልወጣላትም።

"አባዬ የእናቷ እናት ሳይመጡ ስም አይወጣም ብሏል፤" አለኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እሱና ሐያት ያሰቡት ስም አፍሪካ የሚል መሆኑን ነገረኝ። አባቱ ግን ትርጉሙን ሳላውቅ አልቀበልም ብለዋል። እኔ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ስለሆንኩ ስመጣ እንዳስረዳቸው ለመነኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ሐሳብ የገባኝ። የአህጉሩን ስም ዕድሜ ልኬን ጠርቼዋለሁ፤ ትርጉሙ ይህ ነው ብሎ በእርግጠኝነት የነገረኝ መጽሐፍ ግን አላጋጠመኝም።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ከደሴ ተነሣሁ። ለአራስ ባዶ እጅ አይኬድምና በጀሪካን የተነጠረ ቅቤ፣ የገንፎ ዱቄትና ለሕፃኗ በእጄ የሠራሁትን የሱፍ ኮፍያ ይዣለሁ። ወደ ባሌ ቅቤ መውሰድ ወደ ሐይቅ ዓሣ እንደ መውሰድ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ከኋላዬ ቀረ። ጣርማ በርን ስንወጣ እንቅልፍና ንቃት ተቀላቅለውብኝ የሕፃኗን መልክ እየሳልኩ ሳጠፋ አዲስ አበባ ደረስን።

ያደርኩት ወንድሜ ሰይድ ቤት ነው። ስሙን ስነግረው መሳቅ ጀመረ። "በ‹ካ› ነው በ‹ቃ›?" ብሎ ጠየቀኝ። የሞተው ባለቤቴ የአማርኛ መምህር ነበር፤ አፍሪቃ ነው የሚባለው እያለ ከጋዜጣው ጋር ይጣላ ነበር። ትምህርት ቤት አብሮን የነበረ የቄስ ልጅ ደግሞ በግዕዙ አፍራቅያ ነው ብሎ ሁለታችንንም ያርመን ነበር። ሰይድ እራት እየበላ፣ እኛ በራሳችን ቋንቋ እንኳ ያልተስማማንበትን ስም ባሌ ወስደሽ እንዴት ልታስታርቂበት ነው አለኝ። 

ሰኞ ማለዳ የሮቤውን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እስከ ሻሸመኔ ያለው መንገድ ሞቃት ነው። ምሳ በልተን ወደ ምሥራቅ ስንታጠፍ አገሩ ቀስ እያለ ከፍ ማለት ጀመረ፤ ብርዱም በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። የወሎ ተራራ ፊት ለፊት መጥቶ ይቆምብሃል። እዚህ ግን ከፍታው ሳይታወቅ ነው የሚመጣው፤ ሜዳ ላይ ነኝ እያልክ ሰማዩ ቅርብ ሆኖ ታገኘዋለህ። ስንዴና ገብስ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እስከ ዓይን ጥግ ተኝቷል። ፈረሰኞች ብርድ ልብስ ተከናንበው በማሳው ጠርዝ ያልፋሉ። በጉሙ ውስጥ የፈረሶቹ እግር ስለማይታይ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት የሮቤ ሰዎች፣ አንዱ ባለሱቅ ሌላው የቢሮ ሠራተኛ፣ በከተማቸው ስም ሲከራከሩ ሰማሁ። ባለሱቁ በኦሮምኛ ረቡዕ ሮቢ ስለሚባል ከገበያ ቀን የመጣ ነው አለ። የቢሮው ሰው የለም፣ ሮባ ዝናብ ነው፣ ከዝናብ የመጣ ነው አለ። ሁለቱም እዚያው ተወልደው እዚያው ያደጉ ናቸው። እኔም ጥቂት ተጽናናሁ።

አዳባ ሳንደርስ ካምቢዮው አልገባ ብሎ አውቶቡሱ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ቅቤዬ ከላይ ከዕቃ መጫኛው ፈስሶ የባለሱቁን አንድ ጆንያ እንዳራሰ የታወቀው። በጆንያው ውስጥ የነበረው የልጆች ልብስ ነው። ይቅርታ ስጠይቀው አሸተተና ጥሩ ቅቤ ነው አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስለሱ አላነሳም። መለዋወጫው በማግስቱ እንጂ እንደማይመጣ ሲነገረን ተሳፋሪው ማደሪያ ፍለጋ ተበተነ። እኔን ይዛኝ የሄደችው በመንገዱ ዳር ሻይና ዳቦ የምትሸጥ ሉባባ የምትባል ሴት ናት። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ የኔ ኦሮምኛ ከዚያም ያነሰ። ግን ለአራስ እንደምሄድ ከጀሪካኑ ገባት። ገብስ ቆልታ ፈጭታ በቅቤ የለወሰችውን ጭኮ በእንጨት ማንኪያ አቀረበችልኝ። እኛ ወሎ ጭኮን በበዓል እናውቃታለን፤ እዚህ ለመንገደኛ ይቀርባል። አልጋዋን ለቃልኝ እሷ ከልጆቿ ጋር ምንጣፍ ላይ ተኛች። ጠዋት ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን ያዘችና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ያፈሰስኩትን ያህል ቅቤ ጀሪካኑ ውስጥ ሞልታልኝ ያገኘሁት ሮቤ ስደርስ ነው።

ማክሰኞ ዲንሾን ስናልፍ ጉሙ ለጥቂት ጊዜ ተገለጠ፤ ከጥዱ ሥር ደጋ አጋዘኖች ቆመው ያዩናል።  ሮቤ ላይ ጀማል ይጠብቀኝ ነበር። ጋሪውና ባጃጁ ተጋፍተው በሚያልፉበት ሰፊ መንገድ ይዞኝ ሄዶ ወዲያው ጎባ ወሰደኝ።

በሆስፒታሉ ጓሮ ረጃጅም ዛፎች አሉ። በሙቀት ክፍሉ መስኮት ስር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ነጭ ሻሽ ያደረጉ ሴትዮ መቁጠሪያ ይዘው ተቀምጠዋል። የጀማል እናት አደ ሙሚና ናቸው፤ አደ እኛ ወይዘሮ እንደምንለው ነው። ብድግ ብለው አቀፉኝ፤ በኦሮምኛ በሰላም እንኳን መጡ እያሉ ብዙ ደጋገሙ። ከዚያ በመስኮቱ አሳዩኝ። የልጅ ልጄ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተኝታለች። ደረቷ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ይቆማል። በቆመ ቁጥር አደ ሙሚና ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው "አፉራ" ይላሉ። ደረቷ ተመልሶ ሲነሣ እኔም የያዝኩትን ትንፋሽ እለቃለሁ።

ሐያት ከእናቶች ክፍል ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከስታለች። የአማቷን ቃል ያስረዳችኝ እሷ ናት። አፉራ በኦሮምኛ ትንፋሽ ማለት ነው። ጀማል የታሰበውን ስም መጀመሪያ ሲናገር፣ አደ ሙሚና አፍሪካን አልሰሙም፤ አፉራ ያለ መስሏቸው ስሙን ወደውታል። ማንም አላረማቸውም።

ስሙን ለምን እንደመረጡ ጠየቅኋት። ልጄ ብዙ የምታወራ አይደለችም።

"እማዬ፣ እዚህ ሰው ስምሽን ሲሰማ ወዲያው የማን ወገን ነሽ ይላል። እኔን ጠይቀውኛል፤ ጀማልንም ደሴ ላይ ጠይቀውታል። እሷን ሲጠሯት ይህ ጥያቄ እንዳይከተላት ነው።"

የሐጂ አማን ቤት ሮቤ ገበያው አጠገብ ነው፤ ከፊቱ የእህል መጋዘን አለው። ማታ የቀረበልኝ ማርቃ እኛ ገንፎ የምንለው ነው፤ ልዩነቱ የቅቤው ጉድጓድ ስፋት ነው። ሐጂ ረጅም፣ ቀጭን፣ አማርኛን ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ስለ ስም አላነሱም፤ ስለ ደሴ ብርድ ብቻ ጠየቁኝ። የደሴ ብርድ ያልፋል አልኳቸው። የዚህ ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ ቤት ይሠራል።

ረቡዕ ጠዋት ግቢው አመዳይ ጥሎበት ነበር። ሻይ እየጠጣን ሐጂ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠየቁኝ።

"መምህርት፣ ስም ዱዓ ነው። ይህን ስም ስንጠራ ምን ብለን ዱዓ እያደረግን ነው?"

የማውቀውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ድሮ ሮማውያን አፍሪካ ያሉት ዛሬ ቱኒዝያ ያለችበትን ትንሽ አገር ብቻ ነበር። በዚያ አፍሪ የሚባሉ ሰዎች ይኖሩ ነበርና ከነሱ የመጣ ነው ይባላል። ዓረቦቹም ያንኑ አገር ኢፍሪቂያ አሉት። ስሙ ቀስ በቀስ እየሰፋ መጥቶ መላውን ምድር፣ እኛንም ጨምሮ፣ ሸፈነ። ኢፍሪቂያ ስል የሐጂ ፊት ፈካ። በልጅነታቸው ኪታብ ያስቀሯቸው ሼህ፣ ከየመን ተነሥቶ ያን አገር የያዘ ንጉሥ ነበረና ስሙ ከእሱ ወጣ ብለዋቸው ነበር። እኔም ሰምቼዋለሁ አልኳቸው፤ ግን የሚጠራጠሩት ብዙ ናቸው። በሰሜኑ ያሉ በርበሮች ዋሻን ኢፍሪ ስለሚሉት የዋሻ ሰዎች አገር ማለት ነው የሚሉም አሉ። ሐጂ ዋሻ ከሆነ የኛ ሶፍ ዑመርም አለ አሉ። በመጨረሻ፣ በግሪክኛ ብርድ የሌለበት ማለት ነው የሚል እንዳለ ስነግራቸው በበሩ አሻግረው ነጭ የለበሰውን ግቢ ተመለከቱ፤ ጋቢያቸውንም እስከ ጆሯቸው ሳቡና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

አንድ ግን አስቀርቼ ነበር። ሳጥን ውስጥ የተኛችው ልጅ እየታየችኝ አፌ እምቢ አለኝ።

"ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ?" አሉኝ።

"ማንም በእርግጥ አያውቅም፣ ሐጂ።"

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ያቺ አንድ እፍኝ ልጅ ናት። ይህን ሁሉ አገር እንዴት አድርጋ ትሸከመው?" ብለው ወጡ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በጎባ መስኮት ስር ከአደ ሙሚና ጋር ተቀመጥን። የጋራ ቋንቋችን ትንሽ ስለነበር ቀኑን አብረን በመተንፈስ ነው ያሳለፍነው ማለት እችላለሁ። ጉም ከሳነቲ ወርዶ ጓሮውን ሞላው፤ ዛፎቹ ጠፉ፣ ግድግዳው ጠፋ። መስኮቱ ብቻ ቀረ። ሁለታችን በአንድ ትንሽ ጀልባ ተቀምጠን መብራት እየተመለከትን የምንሄድ መሰለኝ። አንድ ጊዜ አሸልቤ ስነቃ ጋቢያቸው እኔ ላይ ነበር።

ሐሙስ ሐጂ ማሳቸውን ሊያሳዩኝ ሲናና ወሰዱኝ። ስንዴው ሊታጨድ ተቃርቧል። ነፋስ ሲመታው ቢጫው ከዚህ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ማዶው ይሮጥና ይጠፋል። እኛ አገር ማሳ ማለት ከገደል ላይ የተነጠቀ መደብ ነው፤ እዚህ ሰው በእህል ውስጥ ሊሰጥም ይችላል። ሐያት የምትሠራበትን ጣቢያ ከሩቅ አሳዩኝ። ከዚያ ቆሙ።

"መምህርት፣ ትናንት ያስቀሩት አለ።"

ልዋሻቸው አልፈለግሁም። ከአፈር የመጣ ነው የሚሉም አሉ አልኳቸው። ከኛ አፈር ከሚለው ቃል ጋር የሚዛመድ ጥንታዊ ቃል አለ ይላሉ፤ ትቢያ፣ አቧራ ለማለት ነው። ማረጋገጫ የለውም ብዬ ቶሎ ጨመርኩበት።

ሐጂ መንገድ መሩኝና በማሳው ዳር፣ አንዲት ጥድ ሥር ወደተተከሉ ሁለት ትንንሽ ድንጋዮች ወሰዱኝ። በጫማቸው ጫፍ ሣሩን ገለጥ አደረጉ።

"እዚህ ያሉት ሁለቱም ልጆቼ ናቸው። ከጀማል በፊት ተወልደው ሳምንት ሳይሞላቸው ሄዱ። ስም የላቸውም።"

ጎንበስ ብዬ አንዱን ድንጋይ በእጄ ነካሁ።

"የትርጉሙ ነገር ሰበብ ነው፣ መምህርት። እርስዎ እስኪመጡ ያልኩትም ሰበብ ነው። ስም ባወጣላትና ብትሄድብኝ ብዬ ነው።"

ነፋሱ ስንዴውን ደጋግሞ አስተኛው።  ባለቤቴን ስቀብር ያጽናናኝ ቃል አልነበረም፤ ያጽናናኝ ስሙን ጠርቼ ማልቀሴ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ከዚያ፣ ለአደ ሙሚና የእነዚህ ልጆች ስም ቢኖራት አይሻላትም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

 "ስታለቅስ የምትጠራው ታጣለች፤" አሉ። ቁጭ ብለው ከሁለቱ ድንጋይ ላይ ቅጠል ጠረጉ፤ ከቁርዓን ፋቲሃን ቀሩ፤ እኔም አሚን አልኩ። ወደ መኪናው ስንመለስ ከፊት ከፊቴ እየሄዱ ሳይዞሩ ተናገሩ።

"ነገ ጁምዓ ነው። እስክትድን አንጠብቅም። ከሰላት በኋላ ጎባ ሄደን እንጠራታለን።"

ዓርብ ሁላችንም መስኮቱ ስር ተሰበሰብን። ነርሷ የጎባ ልጅ ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ ማስገባት እንደምትችል ነገረችን። ጀማል ወደ ኋላ አለና አባቱንና እኔን አስቀደመ። እጃችንን ታጥበን ሰፋፊ ነጭ ጋዎን ለበስን። ውስጡ እንደ ቆላ ሞቃት ነው። ሐጂ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አሉና በጆሮዋ አዛኑን በሹክሹክታ አሰሙ፤ ስትወለድ በጥድፊያ ስለተወሰደች ያልደረሳት ነበር። ድምፃቸው መሐል ላይ ተቋረጠ፤ ጠበቅሁ፤ ጨረሱት።

ከዚያ እርስዎ ይጥሯት አሉኝ። ወጉ የእርስዎ ነው አልኳቸው። አብረን እንበላት አሉ። ጀማል እንደሚጠራው መጨረሻውን አርዝሜ፣ በኦሮምኛው፣ አፍሪካአ አልኳት። ሐጂም በዚያው ቅጽበት ጠሯት። የሳቸው ግን አጭር ነበር። በአማርኛው፣ እኛ ደሴ እንደምንለው፣ አፍሪካ አሉ።

ተያየን። ያ ረጅም ሰውዬ ትንሽ ያፈረ መሰለኝ። "ከሐያት ነው የተማርኩት፤" አሉኝ፤ "ሌሊት መጋዘን ውስጥ ስለማመደው ነበር።"

በመስታወቱ ማዶ አደ ሙሚና ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እሳቸው የሚሏትን አውቃለሁ። ሕፃኗ አፏን ከፍታ አዛጋች፤ ከፊቷ የሚበልጥ ማዛጋት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች ለይቼ መናገር ያቅተኛል። ጉሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጎረቤት ወተት ይልካል፤ የማላውቃቸው ሴቶች ሐያትን ሊጠይቁ መጥተው እኔን ያበሉኛል። ትንፋሿ አሁንም ይቆራረጥ ነበር፤ አንድ ቀን ሐኪሙ ፊቱን አጥቁሮ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ጓሮው ውስጥ ሁላችንም ከመቀመጫችን ተነሥተን ቆምን። ግን አሁን ስንጠብቅ የምንጠብቃት ሰው ነበረች። ሐጂ በመስኮቱ ቆመው፣ ጀማል በኮሪደሩ እየተመላለሰ፣ እኔ ከወንበሬ፣ ሁላችንም በየአፋችን እንጠራታለን። በመጨረሻ ከሳጥኑ አውጥተው በሐያት ደረት ላይ፣ ከልብሷ ሥር፣ ሲያስተኟት እኔም እዚያ ነበርኩ። እናትና ልጅ በአንድ ልክ ሲተነፍሱ አየሁ። የሠራሁት ኮፍያ እስከ አገጯ ወረደባት።

ሮቤ ቤቷ ገብታ፣ የስም ማውጫዋ በግ ታርዶ፣ ጎረቤት ከበላ በኋላ ተነሣሁ። አደ ሙሚና በመኪናው መስኮት የሐረና ጫካ ማር አቀበሉኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ሐጂ በሌላ ጊዜ ደሴ መጥቼ የእርስዎን አፈር እረግጣለሁ አሉኝ፤ ቃሉን ሳይፈሩት ነው ያሉት።

እነሆ ደሴ ከተመለስኩ በጋው አልፎ የበልግ ዝናብ ጀምሯል። ጎረቤቶቼ ባሌ ምን ይመስላል ሲሉኝ ይህን ጻፍኩላቸው። ያላየሁት ብዙ ነው፤ ሳነቲ ላይ አልወጣሁም፣ ሶፍ ዑመርም አልገባሁም። ሰሞኑን ሐያት ስትደውል ስለ አማቷ አጫወተችኝ። ሐጂ የልጅ ልጃቸውን በጋቢያቸው አቅፈው መጋዘኑ በር ላይ ካልተቀመጡ ቀኑ አይነጋላቸውም። እህል ሊያራግፉ የሚመጡት የገሰራ ነጋዴዎች መጀመሪያ ለቀልድ ብለው ጀመሩት። አሁን ግን ገበያው በሙሉ ሐጂ አማን ማለቱን ትቷል። ከመንገዱ ማዶ አንዱ "አባ አፍሪካ!" ብሎ ሲጣራ፣ ቀና ብለው አቤት ይላሉ።